ሰባት ዓመት ጸለይኩለት፣ ምንም አልተለወጠም

የዛሬዋ ደብዳቤ የመጣችው ከኩዌት ነው። ረዘም ትላለች፣ አሳጥሬ ላቅርባት።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እዚህ በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አዲስ አበባ አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ፣ ዘንድሮ 29 ሞላው። እናታችን ካረፈች በኋላ መጠጥ ጀመረ። አሁን ደግሞ ቤቲንግ ተጨምሮበታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ጸለይኩ። ጾምኩ፣ ተሳልኩ፣ ሌሊት ቤቱ ሁሉ ሲተኛ እየተነሳሁ ሰገድኩ። ለቤት ኪራዩ በየወሩ 40 ዲናር እልክለታለሁ። እየደወልኩም እያለቀስኩ እነግረዋለሁ፣ ትናንት ስንት እንደሰገድኩለት ሳይቀር ቆጥሬ። መጀመሪያ መጀመሪያ አብሮኝ ያለቅስ ነበር፣ አሁን ስልኬንም አያነሳ። አክስቴ 'ጸሎትሽ ያልተሰማው አንቺ ላይ አንድ ነገር ቢኖር ነው' አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የአጎቴ ልጅ ደግሞ 'ለሰው መጸለይ እንደማይሠራ እኮ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ፈትነው አረጋግጠዋል' ትለኛለች። ደክሞኛል እትዬ። ባቆም ኃጢአት ይሆንብኛል? አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ሁሉ 'በጸሎትሽ አስቢኝ' ይለኛል፣ እሺ እላለሁ፣ ከዚያ እረሳዋለሁ። ወለተ ሚካኤል ነኝ።»

ወለተ ሚካኤል እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው አንጀቴን በላሽው። በሁለተኛው ግን ትንሽ ተናደድኩብሽ፣ በምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። ከአክስትሽ ልጀምር፣ የእሳቸው ቶሎ ያልቃል።

እሳቸው ያሉትን የኢዮብ ወዳጆች ቀድመዋቸው ብለውታል። ይህ ሁሉ መከራ የወረደብህ የደበቅከው ነገር ቢኖር ነው እያሉ፣ አመድ ላይ የተቀመጠን ሰው ምዕራፍ በምዕራፍ ሞገቱት። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው። ምዕራፍ 42 ላይ ደግሞ ኢዮብ ለእነዚያው ለወዳጆቹ ሲጸልይላቸው ምርኮው እንደተመለሰለት ተጽፏል። እንግዲህ አክስትሽንም ከምትጸልዪላቸው ሰዎች ጋር ጨምሪያቸውና እንለፍ።

የአጎትሽ ልጅ የምትለው ጥናት አለ። ውሸት ነው ብለሽ እንዳትከራከሪያት፣ ትረታሻለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ6 ሆስፒታሎች የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን 1,802 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ይጸለይለታል፣ ግን ይጸለይለት አይጸለይለት አያውቅም። ሁለተኛው አይጸለይለትም፣ እሱም አያውቅም። ሦስተኛው ይጸለይለታል፣ እንደሚጸለይለትም በግልጽ ተነግሮታል። የሚጸልዩት ሕመምተኞቹን አይተዋቸው የማያውቁ ክርስቲያኖች ናቸው። የሰውየው ስምና የቤተሰቡ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይሰጣቸዋል፣ ለ14 ቀን ለሁሉም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይጸልያሉ። ከዚያ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስንቱ ላይ ተጨማሪ ችግር እንደደረሰ ተቆጠረ። ከመጀመሪያው ቡድን 52 ከመቶ፣ ከሁለተኛው 51 ከመቶ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። እንደሚጸለይላቸው የተነገራቸው ሰዎች ላይ ግን 59 ከመቶ ሆነ። የባሰ!

አሁን እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። ግን ያ «ያልተጸለየለት» የተባለው ቡድን ውስጥ ያለ ሰው እናት የለውም እንዴ? ሚስቱ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ምን ስታደርግ ነበር? የእናትን ልብ ከጥናት ውስጥ አስወጥቶ በር የሚዘጋ ሐኪም የለም። ደግሞም በማያውቁት ሰው ላይ ለሁሉም አንድ የሆነ ዓረፍተ ነገር ማንበብና አንቺ ሌሊት ለወንድምሽ የምታለቅሺው አንድ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ይህን ሁሉ ብዬም ጥናቱ እኔን የያዘኝ በሌላ በኩል ነው። 59 የምትለዋ ቁጥር። ከአጥኚዎቹ አንዱ ምን አለ መሰለሽ፣ «ሰዎች ተሰባስበው እስኪጸልዩልኝ ድረስ ታምሜአለሁ ማለት ነው?» ብለው ተጨንቀው ይሆናል አለ። ግምት ነው፣ የተረጋገጠ አይደለም። እኔ ግን ሳነበው ወዲያው ትዝ ያለኝ ስልኩን የማያነሳው ወንድምሽ ነው።

የተናደድኩብሽ ላይ ደረስን።

ስንት እንደሰገድሽለት ቆጥረሽ ነገርሽው። እህቴ፣ ይሄ ጸሎት መሆኑ ቀርቶ ሂሳብ ሆነ እኮ። ልጁ ስልኩን ባነሳ ቁጥር የሚሰማው የዕዳውን መጠን ነው። ሰባት ዓመት፣ በየወሩ 40 ዲናር፣ ይህን ያህል ጾም፣ ይህን ያህል ስግደት። በምን ይከፍለዋል? መክፈል ያቃተው ባለዕዳ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ፣ አበዳሪውን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። አንቺ በፍቅር ነው ያደረግሽው፣ አልጠራጠርም፣ በዚያ በሰው አገር ሌሊት ተነስተሽ በድካም ጉልበትሽ ላይ ስትወድቂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ግን የሰገድሽው ለእሱ አልነበረም። ለእግዚአብሔር ነው። ታዲያ ደረሰኙን ለምን ለወንድምሽ ላክሽው? ጌታስ «በርህን ዘግተህ ጸልይ» ያለው ለምን ይመስልሻል?

ጌታ ራሱ ለጴጥሮስ እንደጸለየለት ነግሮት የለም ወይ ትይኝ ይሆናል። ነግሮታል፣ ሉቃስ 22 ላይ። «እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ ማለድሁ» አለው። አንድ ጊዜ ተናገረ፣ ቁጥር አልቆጠረም፣ አላለቀሰበትም። ቀጥሎም «በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» አለው፣ ገና ሳይወድቅ የሚመለስበትን ቀን እያየለት። እና የሆነውን ተመልከቺ። ክርስቶስ ራሱ የጸለየለት ሰው በዚያው ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ ሦስት ጊዜ ካደ። ጸሎቱ የጴጥሮስን አፍ አልያዘውም። እኔ ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል። እኛ የምንጸልየው ሰውየው እንዳይወድቅ፣ አሁኑኑ እንዲያቆም፣ የዛሬዋን ብርጭቆ እንዳያነሳት ነው። ጌታ የለመነው ግን እምነቱ እንዳይጠፋ ነው። ወድቆም የሚነሳበት ነገር እንዲተርፈው። ምናልባት የወንድምሽ ያልጠፋ ነገር ይኖር ይሆናል፣ አንቺ ከኩዌት ሆነሽ፣ እኔም እዚህ ሆኜ የማናየው።

ስለ አንዲት እናት ልንገርሽ፣ ሞኒካ ትባላለች። ሰሜን አፍሪካ የኖረች፣ የቅዱስ አውግስጢኖስ እናት። ልጇ ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ ግን ከእምነት ወጥቶ ከመናፍቃን ጋር ሄደ። ዓመታት አለቀሰችለት። አንድ ጊዜ አንድ ጳጳስ ጋ ሄደች፣ እባክዎ ያነጋግሩልኝ፣ ይገሥጹልኝ ብላ። እሳቸው እምቢ አሉ። አሁን አይሰማም፣ ተይው፣ ዝም ብለሽ ጸልዪለት አሏት። እሷ መች ትለቃለች፣ እያለቀሰች ነዘነዘቻቸው። መጨረሻ ላይ ሰልችተው «በይ ሂጂ፣ ይህ ሁሉ እንባ የፈሰሰለት ልጅ ሊጠፋ አይችልም» አሏት። ዛሬ ያቺን ንግግር ሰው ሁሉ እንደ ትልቅ ትንቢት ይጠቅሳታል። ሲናገሯት ግን ተማርረው ነበር። አንቺ የረሳሽው የመጀመሪያውን ክፍል ነው፣ «ተይው፣ ጸልዪለት» ያሉትን።

ከዚያ የሚብሰው መጣ። እ.ኤ.አ. በ383 ልጇ ወደ ሮም በመርከብ ሊሄድ ተነሳ። እሷ እንዳይሄድባት ያዘችው። ጓደኛዬን ልሸኝ ነው ብሎ ዋሻት። ባሕሩ ዳር ካለ የሰማዕቱ የቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቦታ ገብታ ሌሊቱን በጸሎት አደረች፣ ጌታ ሆይ እንዳይሄድ ብላ። እሷ ስትጸልይ መርከቡ ሄደ። ጠዋት ስትነሳ ባሕሩ ባዶ ነው። አስቢው እስቲ። አክስትሽ እዚያ ቢኖሩ ምን ይሏት ነበር?

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ልጇ ከሮም አልፎ ሚላን ገባ፣ እዚያ ጳጳሱን አምብሮስዮስን አገኘ፣ ስብከቱን ሰማ፣ ከብዙ ትግል በኋላም በ387 በትንሣኤ በዓል በእሱ እጅ ተጠመቀ። እናቱም ባሕር ተሻግራ ተከትላው ስለነበር በዓይኗ አየች፣ በዚያው ዓመት አረፈች። ያቺ ሌሊት የለመነችው ልመና ቢሰማላት ኖሮ መርከቡ ባልሄደም ነበር። ትልቁን ልመናዋን ለመስማት ትንሹን እምቢ አላት። ይህን የምነግርሽ ያንቺም ታሪክ እንዲሁ ያልቃል ብዬ አይደለም፣ እሱን ማንም ቃል ሊገባልሽ አይችልም፣ ወንድምሽ የራሱ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፣ እግዚአብሔርም አስገድዶ አይጎትተውም። የምነግርሽ መንገዱን አንቺ መርጠሽ ለፈጣሪ እንዳትሰጪው ነው። ቤቲንጉን አሁን አስቁምልኝ፣ በዚህ ወር ሥራ አስገኝልኝ፣ እንዲደውልልኝ አድርግ እያልሽ ቀን እየቆረጥሽ ከሆነ የምትደክሚው በጸሎቱ አይደለም፣ በቀጠሮው ነው።

እናቴ ነፍሷን ይማርና ማታ ማታ ነጠላዋን አጣፍታ ጥግ ላይ ቆማ ስም ትጠራ ነበር። በስመ ክርስትና ስለምትጠራ እኛ ልጆቿ ማን ማን እንደሆነ አናውቅም። ኃይለ ገብርኤል የሚል ስም ግን አንድም ቀን አልቀረም። የሞተ አጎት አለን ብለን ነበር። እሷ ስታርፍ ነው፣ የቀብሩ ዕለት፣ ኃይለ ገብርኤል ማለት አጥራችንን ወደ እኛ ገፍቶ ግቢ የወሰደብን ጎረቤታችን እንደሆነ የሰማነው። ከሰውየው ጋር ሃያ ዓመት አብራ ቡና አልጠጣችም፣ ተኳርፈው ነው የኖሩት፣ ግን ጸለየችለት። ለእሱም ለማንም አልነገረችም። አጥሩ ዛሬም እዚያው ነው። ሰውየው ግን ልቅሶ ላይ ከእኛ በላይ ሲያለቅስ አየሁት፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

በይ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ድካምሽ። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሽ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ጠዋት በ11 ሰዓት የምትነሺ ሰራተኛ ነሽ። ሙሴ አማሌቅን ለመውጋት ኢያሱን ልኮ ኮረብታ ላይ እጁን አንስቶ ሲጸልይ እጁ ዛለ፣ ዘጸአት 17 ላይ አለልሽ። ማንም እምነትህ ስለጎደለ ነው አላለውም። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፣ አሮንና ሆር አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ እጁን ደገፉት፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ። አንቺ ብቻሽን ቆመሽ ሰባት ዓመት! አርብ ስትወጪ የምታገኛቸው እህቶች የሉም? ለሁለቱ የወንድምሽን ስም ስጫቸው፣ ለሁለት ወር እነሱ ይያዙልሽ፣ አንቺ የእነሱን ትይዣለሽ። ደግሞ እዚህ በቅዳሴ ካህኑ ስለ ድውያን፣ ስለ መንገደኞች ሲለምን አንቺም አለሽበት፣ ወንድምሽም አለበት፣ እናንተ ተኝታችሁ እንኳ። ማቆም የለብሽም ነው የምለው። ማሳጠር ግን ትችያለሽ።

ስለማሳጠር ካነሳን ነህምያን አስቢው። ይህ ሰው በሰው አገር፣ በሱሳ ቤተ መንግሥት፣ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር። እንዳንቺው የሰው ማዕድ የሚያቀርብ ማለት ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፣ ይህንኑ ይዞ ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን አራት ወር ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን ጠጅ እያቀረበ ሳለ ንጉሡ ፊቱን አይቶ ምን ትፈልጋለህ አለው። ነህምያ «ወደ ሰማይ አምላክ ጸለይሁ፣ ንጉሡንም እንዲህ አልሁት» ይላል። በጥያቄውና በመልሱ መካከል! ጽዋው በፊቱ፣ ንጉሡ እያየው፣ አልሰገደ፣ በር አልዘጋ፣ ከንፈሩም መንቀሳቀሱን እንጃ። አንቺም ሸሚዝ ስትተኩሺ፣ ሩዝ እስኪበስል ቆመሽ ስትጠብቂ፣ «ጌታ ሆይ ወንድሜን አስበው» ማለት ትችያለሽ። ማዳሟ አይሰሙሽም። ሌሊት ተኚ።

ነህምያ ሌላም ነገር አስተምሮኛል። ምዕራፍ 4 ላይ ጠላት ሲነሳባቸው ጸለይን፣ ዘብም አቆምን ይላል። ሁለቱንም። አንቺ ጋ ዘቡ የለም። ይባስ ብሎ በአንድ እጅሽ መጠጡን አስቁምለት እያልሽ በሌላው 40 ዲናር እጁ ላይ ታስቀምጫለሽ። ያ ገንዘብ ኪራይ እየሆነ ነው? እውነቱን ንገሪኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ገንዘቡን በቀጥታ ለቤት አከራዩ ላኪ፣ ወይም በምታምኛቸው ሰው በኩል ይከፈል፣ ለእሱ በጥሬው አንድም እንዳይደርሰው። ይናደዳል፣ ይሳደብ ይሆናል። ይሳደብ።

ሕክምናም አለ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል አይሂድ አላልኩም፣ ይሂድ። ግን አንድ ነገር አደራ፣ ብዙ ዓመት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፣ የሚሞትም አለ። ዘመድ ተሰብስቦ ቤት ቆልፎበት «ይወጣለታል» የሚባል ነገር እንዳይደረግ። ለማቆም ፈቃደኛ በሆነ ቀን መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ከዚያ ጸበሉ የትም አይሄድም።

«በጸሎትሽ አስቢኝ» ያሉሽንና የረሳሻቸውን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ፣ ሁላችንም እዚያው ነን። እኔ የማደርገው እሺ ባልኩበት ቅጽበት፣ ስልኩን ሳልዘጋ፣ አንድ ጊዜ በልቤ መጥራት ነው። ከዚያ ብረሳም አልዋሸሁም። የከበዱትን ደግሞ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ውዳሴ ማርያም እንደምታውቂው ለሰባቱ ቀናት ተከፋፍሏል አይደል፣ እኔም ስሞቹን በቀናት ከፋፍዬአቸዋለሁ፣ የሰኞን ሰዎች ሰኞ፣ የማክሰኞን ማክሰኞ። አንድ ሌሊት ላይ አርባ ስም ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው አከታትሎ ከመጥራት አምስቱን ፊታቸውን እያሰብሽ ብትጠሪ ይሻላል። አንዳንዶቹ ታክሲ ላይ ነው የሚደርሳቸው፣ ምን ላድርግ።

ለወንድምሽ ደውዪ። ካላነሳ የድምፅ መልእክት ላኪለት። አጭር። ጸሎት የሚል ቃል አይኑርበት፣ ስግደትም፣ ገንዘብም፣ እናታችን ብታይህም አይኑርበት። እናታችሁ ስትሠራው ትወዱት የነበረ ምግብ ካለ እሱን አንስተሽ እንዴት ነበር የምትሠራው ብለሽ ጠይቂው። ሊመልስልሽም ላይመልስልሽም ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነገር ጠይቂው።

አንድ ነገር ቀረ። ደብዳቤሽ ላይ የወንድምሽን ዕድሜ፣ የሚላክለትን ዲናር፣ ሁሉንም ጽፈሽ ስመ ክርስትናውን ግን አልጻፍሽውም። ያንቺን ከፊርማሽ አግኝቼ ለረቡዕ መዝግቤዋለሁ። የእሱን ላኪልኝ፣ እንደላክሽልኝ ግን እንዳትነግሪው።